የአስካለ እጅ

ቅዳሜ

ዛሬ ሾላ ገበያን በሙሉ ብቻዬን ጸጥ አሰኘሁት። በሙሉ ስል የሽንኩርት ተራውን ማለቴ ነው። እሱም ቢሆን አንድ አህያ አልተባበረኝም።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ቀን ነው።

ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ ሰዎች ደሞዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የማኅበራቸው ስም ከመርዘሙ የተነሣ አንብቤ ሳልጨርሰው ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ «ሳይንሶቹ» ይላቸዋል። ሳይንስ የባለ ዲግሪ ብቻ አይደለም፣ የባለ ጋሪም የባለ በርበሬም ነው ባዮች ናቸው። በሥራ ቀን ማታ ፊደልና ቁጥር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ያሳያሉ። አንድ ጊዜ የምንጠጣውን ውሃ በማጉያ መነጽር አሳዩን። ውስጡ የሚርመሰመሰውን ካየሁ ወዲህ ውሃ ሳላፈላ አልጠጣም። ጠላ ግን አይፈላም፤ እሱን እንደነበረው ትቼዋለሁ።

ዛሬ ተራው የሚጥል በሽታ ነበር። ሰው ሲወድቅ ምን ይደረግ፣ ምን አይደረግ የሚለውን በጨዋታ ሊያሳዩ ነው። የሳይንሶቹ አለቃ እትዬ ሰብለ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሠሩ ሴት። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ «ማን ይወድቃል?» ብለው ሲጠይቁ ወጣቶቹ ተሽኮረመሙ። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የታክሲ ተራ አስከባሪ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው መሃል ቆሜ ስጮህ የኖርኩ ሰው መውደቅ ያቅተኛል?

አላስመሰልኩም፤ ሆንኩት ነው የምለው። መጀመሪያ ነጋዴ ሆኜ ቆምኩ። ከዚያ ቀኝ እጄ የጋቢዬን ጫፍ ይለቅም ጀመር፤ ምስር ውስጥ ጠጠር እንደሚፈልግ ሰው፣ በሁለት ጣት፣ ቶሎ ቶሎ። ከዚያ አንገቴ ዞረ። ከዚያ ዘፍ አልኩ። የአንዲት ሴትዮ «እግዚኦ» እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ተንቀጥቅጬ፣ አርፌ፣ ዐይኔን ገልጬ ቀና አልኩና «ስንት ሸጥኩ?» አልኩ። የሽንኩርት ተራው በሳቅ ፈነዳ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ተስቆልኝ አያውቅም።

እትዬ ሰብለ ያስረዱት እዚያ ላይ ነው። የወደቀውን ሰው በጎኑ ማስተኛት። ከራሱ ሥር ለስለስ ያለ ነገር ማድረግ። ተጭኖ አለመያዝ። አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። ሰዓት ማየት፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። ሲነኩት አይተላለፍም፣ በአረፋውም አይተላለፍም። ክብሪት ደግሞ ፈጽሞ።

ክብሪቱ ላይ ጠብ ተነሣ። ቁልፍ የሚሸጡት ጋሽ ታደሰ፣ ሰው በወደቀ ቁጥር ክብሪት ጭረው ጢሱን በማሽተት የታወቁ ናቸው፤ ካልተጫረለት በምን ይነሣል አሉ።

እትዬ ሰብለም «ራሱ ይነሣል፣ ጋሽ ታደሰ። እርስዎ ክብሪት ሲጭሩ ሲደግሙ ሕመሙ ጊዜው ደርሶ ይለቀዋል። ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ይወስዳል» አሏቸው።

«እና እስከ ዛሬ የጨረስኩት ክብሪት ሁሉ በከንቱ ነው የነደደው?» አሉ። ከልባቸው አዝነው ነበር።

ባለቤቴ አስካለ በርበሬና ቅመም የምትሸጥበት መደብ ከሽንኩርት ተራው ጀርባ ነው። ከጎረቤቷ ከዘይነባ ኋላ ቆማ ስታየኝ አይቻታለሁ። ስነሣ ግን የለችም። ቀድማኝ እራት ልትሠራልኝ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ቤት ገባሁ።

እራት የለም። ነጠላዋን እንደተከናነበች ተቀምጣለች። እንዴት ነበርኩ አልኳት። ሰው ሁሉ እኮ ሳቀ አልኳት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እጄን በስንት ሸጥከው?» አለችኝ።

እሑድ

ማለዳ ኪዳን አስደርሳለሁ ብላ ወጣች። እስካሁን አልተመለሰችም። ስደውል ያነሣችው እህቷ ትዕግሥት ናት። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ እሷ ቤት ነው ያለችው። ላናግራት ብል ተኝታለች አለችኝ። አስካለ ቀን ተኝታ አታውቅም።

እንግዲህ እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው። የምትወድቀው እሷ ናት።

በተጋባን ሳምንት ነው መጀመሪያ ያየሁት። ከዚያ ወዲህ የምናውቀው እኔ፣ እህቷና ሐኪሙ ብቻ ነን። ኪኒን ትወስዳለች፤ ስትወስድ ደህና ናት፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣባታል። ሲመጣ እጇ ይቀድማል። የነጠላዋን ጫፍ መልቀም ትጀምራለች። ያን ጊዜ እኔ ካለሁ ይዤ ወደ ጓዳ አስገባታለሁ፤ ገበያ ከሆነች ራሷ ከጆንያዎቿ ኋላ ትገባለች። አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ ወድቃ ስትነቃ «ስንት ሸጥኩ?» አለችኝ። ገበያ ያለች መስሏት ነው። የዚያን ዕለት ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። የእኛ ሳቅ ነበር።

ለምን ትደብቃለች? ምግብ ነዋ የምትሸጠው። የሚጥል በሽታ ያለባትን ሴት በርበሬ ማን ይገዛል? አረፋ ነካው ይላሉ። የማታ ትምህርቱን እንኳ ያልመጣችው ለዚህ ነው። አብረን እንማር ስላት «እዚያ ብወድቅስ?» አለችኝ። ደክሞኛል ነው የምትለው ለሌላ ሰው።

እኔ ግን ስሟን አልጠራሁም። ይህን እግዜር ያውቃል። ሚስቴ ናት አላልኩም። የወደቅኩት እኔ ነኝ፤ ጋቢውም የእኔ ነው። ያስተማርኩት ለእሷው ዓይነት ሰው ነው። እትዬ ሰብለ ሁልጊዜ የሚሉት፣ ሳይንስ የሚጀምረው አጥርቶ ከማየት ነው። እኔ አጥርቼ ያየሁት የወደቀ ሰው እሷን ብቻ ነው። ታዲያ ማንን ልምሰል?

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አራት ምክንያት ነው። ሲነበብ አንድም አይሞላም።

ሽሮ ሠራሁ። አረረ። በላሁት።

ሰኞ

ታክሲ ተራ ስገባ ወያላው ካሳ «ተዋናዩ መጣ» ብሎ አጨበጨበ። ሾፌሮቹም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደረቴን ነፍቼ እጅ እነሣ ነበር። እጅ መንሣቱንስ ነሣሁ፤ ልማድ ነው።

ከዚያ ካሳ ጠጋ ብሎ፣ ያን የእጅህን አለቃቀም የሚያውቁት የገበያ ሴቶች አሉ፣ ሚስትህ ናት አሉ የምትወድቀው፣ እውነት ነው ወይ አለኝ።

ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «የእኔ ሚስት የወደቀችው በእኔ ፍቅር ብቻ ነው፤ ከዚያም እስካሁን አልተነሣችም» አልኩት። ሰልፉ ላይ የቆመው ሰው ሳይቀር ሳቀ። ትንሽ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። «ሰሚት፣ ሰሚት በመገናኛ» እያልኩ ጥሪዬን ስቀጥል ነው የገባኝ። የምጠራው እሷ ያለችበትን ሰፈር ነው። ድምፄ ተሰበረ። ብርድ ነው አልኳቸው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ሁለቱም አልታወቀኝም።

ማታ ክፍል ሄድኩ። ሌሎቹ ሲወጡ ቀረሁና ለእትዬ ሰብለ ነገርኳቸው። ጨዋታውን ገርጂ ሊወስዱት አስበው ነበር፤ የእኔን መውደቅ ሲያደንቁ ነበር። እየሰሙኝ ጠመኔውን አስቀመጡ።

«አስፈቅደሃታል?»

ሚስቴ እኮ ናት አልኳቸው።

«እኛ ላቦራቶሪ ጠብታ ደም ስንወስድ ባለቤቱን እንጠይቃለን፣ ዘውዱ። አንተ የሰው ሕመም ነው የወሰድከው።»

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። እንዲያውም ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ እንዲህ አጥርተህ ከየት አመጣኸው ብዬ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ፣ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ አሉ። የገርጂውም ጨዋታ ቀርቷል አሉ። እባክዎ ገበያ ወጥተው አይተላለፍም፣ በርበሬዋ ንጹሕ ነው ብለው ያስረዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሷ ሳትፈቅድ ስሟን አላነሣም፤ አንድ ጊዜ ተነሥቷልና ሁለተኛ አይደገምም አሉኝ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው አናደደኝ።

ማክሰኞ

መደቧ ላይ አለች!

ታክሲ ተራውን ለካሳ ትቼ ከጥግ ቆሜ አየኋት። ያው ናት። ጆንያዎቹን ከፍታ፣ በርበሬውን ቆልላ ጫፉን አሹላ፣ ኮረሪማውን ከፊት አድርጋለች። ሰው ያልፋል። ያልፋል እንጂ አይቆምም። ሁልጊዜ ከእሷ የምትገዛ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ልትቆም አለችና እንደረሳ ሰው ሆና ወደ ማዶ ተሻገረች። ከግራዋ ገብስ የምትሸጠው ሴት ጆንያዋን ክንድ ያህል ወደዚያ ስባለች። አስካለ አይታ እንዳላየ ሆና በርበሬውን እንደገና ታሾላለች። የሾለውን።

ዘይነባ አየችኝ። የወሎ ልጅ ናት፤ ደረቅ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ አፏ እንደ ነጭ ሽንኩርቷ ነው። መጥታ በክርኗ ጎሰመችኝ። ቅዳሜ ዕለት ቆማ ስትስቅ፣ ወዲያው የማን እጅ እንደሆነ ታውቋት ሳቋን እንዳቋረጠች ነገረችኝ። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠጠር የምትለቅም ነበር የሚመስለኝ አለች።

«ወላሂ ዘውዱ፣ ያንተ ዓይነት ባል ካለ ጠላት ለምን ይገዛል?» አለችኝ። ጠላት እንደሚገዛ አላውቅም ነበር።

ወደ መደቡ ሄድኩ። አስካለ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ደስ ባለኝ። ምንም የለም።

«ምን ልስጥዎት?» አለችኝ።

አስካለ፣ እኔ ነኝ አልኳት።

«በርበሬው የዛሬ ነው። ሚጥሚጣ ካሻዎትም አለ።»

እርስዎ። አብረን ስንት ዓመት ጨርሰን እርስዎ አለችኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተደግሶ፣ አንሶላ ተጋፈን። ከኋላዬ ሰው ቆሞ ያያል፤ ገዢ መስያቸው። ለእሷም ገዢ ልምሰላት ብዬ ሩብ ኪሎ በርበሬ ገዛሁ። መዘነችልኝ፣ ቋጠረችልኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። የገዛ ቤቴን በርበሬ ይዤ ተመለስኩ።

የዛሬ ገበያዋ እኔ ብቻ እንዳልሆን እፈራለሁ።

ረቡዕ

ሰሚት ሄድኩ። ስንቱን ሰው ወደዚያ ስልክ የኖርኩ እኔ ዛሬ ተሳፋሪ ሆንኩ። ካሳ መሃል ወንበር አስቀመጠኝና ሳይቀልድ ወሰደኝ። እንዳልቀለደ ሳይ ነው ወሬው የት እንደደረሰ የገባኝ።

ትዕግሥት በሩን ከፍታ ወጣችና ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ደረጃው ላይ ቆመን አወራን። ውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ እሷ ናት፤ ሳህን ስታጥብ አንዱን በአንዱ የምትመታው እሷ ብቻ ናት።

ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ የገበያውን ነገር አስተካክላለሁ፣ በርበሬዋን ራሴ ተሸክሜ ሰፈር ለሰፈር እሸጣለሁ፣ እኔ ስጠራ ማን ይቀራል እያልኩ ቀጠልኩ። ትዕግሥት እስክጨርስ ጠበቀች። ትንሽ ልጅ ሆና ነው የማውቃት፤ ዛሬ እንደ አማት ነው የቆመችብኝ።

«የገበያው አይደለም ያሳዘናት፣ ጋሼ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ዓመት ስወድቅ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሲያጠናኝ ነው የኖረው ነው የምትለው።»

ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እዚያ ሰፈር አውሮፕላን ሲያልፍ ሰው ወሬውን ያቆማል፤ ልማዳቸው ነው። ቆመን ጠበቅነው። አውሮፕላኑ ቢቆይልኝ ኖሮ።

አላጠናኋትም። ምናልባት አጥንቻታለሁ። ስትወድቅ ዐይኔን ከእሷ ላይ ነቅዬ አላውቅም፤ ፈርቼ ነው። እንዳትሞትብኝ ነው የማያት። ያ ሁሉ ፍርሃት ቅዳሜ ዕለት እንዴት ሳቅ ሆኖ እንደወጣ እኔም አላውቅም። ይህን ለትዕግሥት መናገር ነበረብኝ። ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ነው የመጣልኝ።

በሩ ሲዘጋ የሳህኑ ድምፅ ቀድሞ ቆሞ ነበር።

ሐሙስ

ዛሬ ብዙ አልጽፍም።

ቤቱ ውስጥ ያለው፦ ሁለት ትራስ። የእሷ የቤት ጫማ። ያልተከፈተ ሩብ በርበሬ። እኔ።

ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዎች ተጣሉ፤ ማስታረቅ የእኔ ሥራ ነው፤ ዝም ብዬ አየኋቸው። ራሳቸው ታረቁ።

ትምህርት አልሄድኩም።

ይህን ጽፌ ልተወው ስል ሻይ አማረኝና ቅርንፉድ ፈለግኩ። የቅርንፉዱን ቆርቆሮ ስከፍት ኪኒኗ ነው። የምትደብቅበት ቦታ እሱ መሆኑን ረስቼው ነበር። እሑድ ስትወጣ ቤተ ክርስቲያን ብላ እንጂ ልትቀር አስባ አልነበረማ። ሳትይዝ ነው የሄደችው። ከእሑድ ጀምሮ አልወሰደችም ማለት ነው፤ ሐኪሙ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ ያላትን።

ትዕግሥት ስልኳን አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ጠዋት ገበያ ሳትደርስ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

ዓርብ

ከጠዋቱ ልጀምር።

ማልጄ መደቧ ጋ ቆምኩ። ከእኔ እንደማትቀበል አውቄ ቆርቆሮውን ለዘይነባ ሰጠሁ። ዘይነባ ከፍታ አየችና ከሽንኩርቷ ጀርባ ሸሸገችው። አስካለ ስትመጣ ከሩቅ ሆኜ አየሁ። ኪኒኑን በውሃ ዋጠች። ወደ እኔ አልዞረችም። ቢሆንም ዋጠች ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ታክሲ ተራዬ ሄድኩ።

ረፋዱ ላይ ካሳ እየሮጠ መጣ። አፉን ከመክፈቱ በፊት ሮጥኩ። ሾላን እንደዚያ ሮጬው አላውቅም፤ የማን ቲማቲም እንደረገጥኩ አላውቅም።

ሰው ከብቧል። ሰንጥቄ ገባሁ። አስካለ መሬት ላይ ናት። ግን በጎኗ ናት። ከራሷ ሥር የዘይነባ ሻርፕ ታጥፏል። እግሯ ላይ ቀሚሷ እንዳይገለጥ ነጠላዋ ተጥሏል። ዘይነባ አጠገቧ ተንበርክካ አንድ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፤ አልተጫነቻትም። ከሰዉ መሃል ክብሪት፣ ክብሪት የሚል ድምፅ አለ።

ዘይነባ በሌላ እጇ ከአስካለ መደብ በርበሬ ዘግናለች። «ክብሪት የጫረ ይህን ዐይኑ ውስጥ ነው የምበትነው» አለች። የጫረ የለም።

ጋሽ ታደሰስ? ጋሽ ታደሰ ከዘይነባ ኋላ ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን አፍንጫቸው ድረስ አቅርበው ይዘዋል። «ዝም በሉ፣ እየቆጠርኩ ነው» ይላሉ። «አምስት ካለፈ መኪና። አላለፈም። ዝም በሉ።» ክብሪታቸው ከኪሳቸው ጫፉ ይታያል። አልነኩትም።

እኔ ተንበረከክኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። በዚህ ገበያ ይህን ነገር የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን የሚሠራ ሥራ አልተረፈልኝም። አላየኋትም። ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ የሰዉን ጫማ አየሁ። ማንም አልሳቀም። ያች ጆንያዋን የሳበችው የገብስ ነጋዴ ውሃ በኩባያ ይዛ ቆማለች፤ ገና ነው፣ ስትነቃ ነው የሚሰጣት እያለች ለአንዱ ታስረዳለች።

ለቀቃት። መተንፈሷ ተስተካከለ። ዐይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችው «ዘውዱ» ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ዘይነባ መደቧን ለገብሷ ሴትዮ ትታ መጣች። ሐኪሙ ኪኒኑ በመቋረጡ ነው፣ እንደገና እንዳይደገም አለ። ከዚያ ትዕግሥት መጥታ ወሰደቻት። ታክሲው ሲንቀሳቀስ አስካለ በመስኮቱ አየችኝ ወይም ከኋላዬ ያለውን ግንብ አየች።

ቅዳሜ

አስካለ ቤት ናት።

ከመጀመሪያው። ሳይንሶቹ ዛሬ ገበያ የወጡት ያለ ጨዋታ ነው። እትዬ ሰብለ ትናንት ማታ ሰሚት ሄደው አስካለን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ለእኔ አልነገሩኝም፣ ከዘይነባ ነው የሰማሁት። ስለ እሷ እንዳያወሩ ጠየቀቻቸው። እሺ ብለው ስለ እጅ መታጠብ አስተማሩ። አስካለ መደቧ ላይ ነበረች። አንዳንዱ ገዛ፤ አንዳንዱ አሁንም ወደ ማዶ ተሻገረ። ያች ወፍራም ሴትዮ መጣች፤ ቆመች፤ ኮረሪማ ብቻ ገዝታ ሄደች። ኮረሪማ በልጣጩ ስለሆነ ይሆናል። ዘይነባ ግን «በልጣጭ ተጀምሯል» አለች።

ወደ ማምሻው ከትዕግሥት ጋር ልብሷን ልትወስድ መጣች። ትዕግሥት ውጪ ቆየች። አስካለ ገብታ የቤቱን ሁኔታ አየች፤ ድስቱን ከፈተች፤ ዘጋችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ይህንን ደብተር አየች።

«ስለ እኔ ነው?»

አዎ አልኳት።

«አንብብልኝ። የሚባለውን እኔም ልስማ።»

ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ከቅዳሜው ጀምሬ ሳልዘል አነበብኩላት። ቃል ስስት እየተመለስኩ። ጓዳ ውስጥ የሳቅነው ላይ ስደርስ ወደ ግድግዳው ዞረች። ለካሳ የመለስኩትን ስትሰማ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፤ ስድብ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። ፈርቼ ነው የማያት የሚለውን ሁለቴ አስነበበችኝ። «ይህን መቼ አልከኝ?» አለች። አላልኩሽም አልኳት።

ዓርብ ላይ ደረስኩ። እየሰማች ጉልበቷን አቅፋ ነበር። እሷ ያኔ ምን እንደሆነች ምንም አታውቅም፤ ካወቀችም የነገራት ሰው ቢኖር ነው።

«ስነቃ ስምህን ጠራሁ?»

ድምፅዋ ውስጥ ያለውን እዚህ መጻፍ አልችልበትም። ይህን አላስተማሩኝም።

ጠርተሽኛል አልኳት።

«አንተ ካየህ አይተሃል» አለችኝ። አንተ አለችኝ። ተነሥታ ነጠላዋን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፤ ትዕግሥትን በበሩ በኩል አንቺ ሂጂ አለቻት። ከዚያ ጀሪካኑን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ቆይታው ለዛሬ ብቻ ይሁን ለሌላም አላውቅም። አልጠየቅኩም። ቧንቧው ሲፈስ ከዚህ ይሰማኛል፤ ጀሪካኑ ሊሞላ ነው።

ቶሎ ልጻፈው። ዓርብ ዕለት አልጠራችኝም። ዐይኗን ስትገልጥ ያለችው «ዘይነባ፣ ቀሚሴን» ነው፤ የእኔን ስም ያስገባሁት እኔ ነኝ።